አምስተኛዋ ስላይድ

ጸሐፊዋ ኮሌጅ የገባችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወድዳ እንዳይመስላችሁ። ጉዱን ያመጣው አዲሱ የመሥሪያ ቤቷ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ "ከእንግዲህ ቃለ ጉባኤ በወረቀት አላነብም፤ ስላይድ ይሠራልኝ፣ ፎቶ ያለው፣ ድምፅ ያለው፣ የሚንቀሳቀስ" አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ንግግር መሬት ሳይወድቅ እየቀለበች ወረቀት ላይ ስታሰፍር የኖረች ሴት፣ ፊደል ከግራና ከቀኝ እየበረረ የሚገባበት ትምህርት ሂጂና ተማሪ ተባለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ለባሏ ታማርር ነበር። ባሏ ግን ከሞተ አራት ወሩ ነበር። እሺ ብላ ሄደች። በዚያ ሰሞን ምንም ቢሏት መልሷ እሺ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። ባሏ የዚያው መሥሪያ ቤት ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ሸሚዙ ሱሪው ውስጥ ገብቶ አንድ ቀን እንኳ ውሎ የማያውቅ ሰው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ምድር ቤት አምፖል ቀይሮ ከመሰላሉ ወረደና ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። በዚያው ቀረ። ዘበኛው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሮጦ ሲነግራት ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ እየተየበች ነበር። ሰማችው። ከዚያ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ጨረሰች። አራት ነጥብ አደረገች፤ አውራ ጣቷ እንደ ልማዱ ስፔስ የሚሉትን የክፍተቱን ቁልፍ ሁለቴ መታ፤ ከዚያ ተነሣች። የሆነው ይኸው ነው። ወሬው ግን ቀብር ቦታ እስኪደርስ ዓረፍተ ነገሩ ገጽ ሆነ፣ ገጹ ደግሞ ሰነድ ሆነ። "ባልሽ ሞተ ሲሏት ቃለ ጉባኤውን ጨርሳ፣ አስፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ ነው የመጣችው" ተባለ። ማኅተም! አይ የሰው አፍ።

በቀብሩ አላለቀሰችም። ከቀብሩ በኋላም አላለቀሰችም። የባሏ እህት ስትወድቅ ስትነሣ፣ እሷ ለሚመጣው ሰው ወንበር ይበቃ እንደሆነ ትቆጥር ነበር። ጭካኔ አልነበረም፤ ክፋትም አልነበረም። ምንም አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሲወጋችሁ ከንፈራችሁ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስላችሁ የለ? የእሷ መላ ሰውነት እንደዚያ ነበር። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ሰላም ላላት ሰላም ትላለች። ያን ሁሉ የምታደርገው ሌላ ሴት ናት፤ እሷ ከኋላ ሆና ታያለች።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአባቷ ልጅ ናት፤ መልኳም አመሏም የእሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "እማ፣ አክስቴ ጋ ልገባ ነው" አለች።

"ለስንት ቀን?"

"ለቀን አይደለም። የሚመጣው ቅዳሜ ጠቅልዬ እሄዳለሁ።" ሳህኑን አስቀመጠችው። "ከአንቺ ጋር አንድ ቤት መኖር አልቻልኩም፣ እማ። እኔ ትራሴን በእንባ ሳርስ አድራለሁ፤ አንቺ አንድ ዘለላ እንባ? አንድ? አባዬን ትወጂው ነበር ወይ ብዬ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። እንዲህ እያሰብኩ አብሬሽ ልበላ አልችልም።"

ጸሐፊዋ አትሂጂብኝ ልትል አፏን ከፈተች። ልጅቷ ከወጣች አክስትየዋ፣ የባሏ እህት፣ መልሳ እንደማትሰጣት፣ ቤቱም በዚያው ቤት መሆኑ እንደሚያበቃ ታውቃለች። ሰው በወረቀት ያነበበውን ነገር እንደሚያውቀው ነው የምታውቀው፤ ሆዷ ድረስ አልወረደላትም። ከአፏ የወጣው ግን ምን መሰላችሁ?

"ላፕቶፑን ይዘሽው ነው የምትሄጂው?"

ኧረ አንቺ ሴት! ላፕቶፑ የልጅቷ ነው፤ የኮሌጁ ፈተና ዓርብ ነው፤ ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ግን በዚያ ሰዓት ይባላል? ልጅቷ እጇን በጨርቅ ጠረገች። "ዓርብ ድረስ ተጠቀሚበት" አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

አሁን ስለ ኮሌጁ ልንገራችሁ። መምህሩ ወጣት ነው፤ ተማሪዎቹ "ደቂቃ" ብለው ስም አውጥተውለታል፤ አንገቱ ላይ የሩጫ አሠልጣኝ የሚይዘው ዓይነት ሰዓት ያንጠለጥላል። "አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ፣ ሃያ ሰከንድ! ከዚያ በላይ ያቆያችሁት ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል" ይላል፤ አስተያየት ልስጥ ያለውንም ተማሪ ሰዓት ይይዝበታል። የፈተናው ትእዛዝ ስምንት ስላይድ በአምስት ደቂቃ ነው፤ ከምታውቁት ሥራ ይሁን፣ ድምፅና ቪዲዮና ፎቶ ይኑርበት፣ ሁሉም በራሳችሁ ስልክ የተነሣ ይሁን ተብሏል። ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ ካየ ዜሮ ነው።

ተማሪው ሁሉ ሃያ ዓመት አካባቢ ነው። ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ርእሱን ካላሽከረከረች፣ ካላንከባለለች፣ መጨረሻ ላይ ካላፈነዳች እንቅልፍ አይወስዳትም። የጸሐፊዋ ስላይድ ግን በግራ በኩል ኅዳጉ እኩል፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቀንና ቁጥር ብቻ የጎደለው ደብዳቤ ነበር። ርእሷ "በመሥሪያ ቤታችን እሳት ቢነሣ" ነው። ሆን ብላ የመረጠችው ደረቅ ርእስ ነው። ለድምፁ የማስጠንቀቂያውን ደወል ቀዳች። ለቪዲዮው ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ግቢው ድረስ ደረጃውን ወረደች። ለአምስተኛዋ ስላይድ እሳት ማጥፊያ በትክክል የያዘ ሰው ፎቶ ያስፈልጋት ነበር፤ ስልኳን ብታገላብጥ ያገኘችው አንድ ብቻ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሥልጠና የተሰጠ ጊዜ ያነሣችው ነው፤ ኤሌክትሪሻን ስለሆነ እሱን አስወጥተው እንዲያሳይ አድርገውት ነበር። ቀዩን ጋን ታቅፎ ይስቃል፤ የሸሚዙ ጫፍ በግራ በኩል ወጥቷል።

አስገባችው። ጠርዙን ከጽሑፉ ጋር አስተካከለች፤ ትንሽ ስለጨለመ ብርሃን ጨመረችለት። ምንም አልተሰማትም።

የቸገራት ሌላ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ልምምድ ሲደረግ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ በጨረሰች ቁጥር አውራ ጣቷ ሳታዘው የክፍተቱን ቁልፍ ሁለቴ ይመታል። የታይፕ ልማድ ነው፤ ከአራት ነጥብ በኋላ ሁለት ክፍተት። ወረቀት ላይ ማንንም አይጎዳም፤ እዚህ ግን አንዷ ምት አንድ ስላይድ ስለሆነች ስለ ደወሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረች አራት ስላይድ ዘላ መውጫው በር ላይ ተገኘች። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። "እትዬ፣ እኛን ትተው አመለጡ እኮ!" አላት አንዱ። ደቂቃ ራሱ ከንፈሩን ነክሶ ነው የቻለው።

መፍትሔውን ያገኘላት ግን እሱ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ማለማመጃ የምትባል ነገር አለች። ስትከፍቷት ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ስላይዱን እያያችሁ ትናገራላችሁ፣ ስትጨርሱ ወደ ቀጣዩ ታልፋላችሁ። እሱም በየትኛው ስላይድ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆያችሁ ይመዘግብና በፈተናው ቀን በዚያው ልክ ራሱን በራሱ ያስኬደዋል። "ቁልፎቹን ሁሉ ይቆልፏቸው፤ ከማቆሚያው በቀር አንዱም እንዳይሠራ" አላት። "እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከትተው መናገር ብቻ ነው።"

እሑድ ወደ ምሳ ሰዓት ድንች ጥዳ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ማለማመጃውን ከፈተች። ርእሱን ተናገረች፣ አለፈች። የእሳት መነሻዎችን ተናገረች፣ አለፈች። ደወሉ ጮኸ፣ አለፈች። ማን ለማን ስልክ እንደሚደውል ተናገረች፣ አለፈች። አምስተኛዋ መጣች። ስለ እሳት ማጥፊያው አራቱን ነገር ተናገረች፤ መቆለፊያውን መንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር ማዞር፣ እጀታውን መጨበጥ፣ ግራና ቀኝ መጥረግ። ከዚያ ለማለፍ እጇን አነሣች።

ቀጥሎ የሰማችው የልጇን ጩኸት ነው።

"እማ! ኧረ እማ! ቤት ልታቃጥዪ ነው እንዴ?"

ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ልጅቷ ምድጃውን አጥፍታ፣ ከሰል የሆነውን ድንች ከነድስቱ ውሃ ውስጥ ነክራ እየሳለች መጣች። እናትየዋ ምን ላይ ነች? ስላይዷ ላይ። ስድስተኛዋን ተናገረች፣ አለፈች። ሰባተኛዋን፣ ስምንተኛዋን። መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ይህን ያህል ጊዜ ፈጅቷል፣ ይያዝ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ቁጥሩን ሳታነብ ይያዝ አለችው። ከዚያ ዞር አለች።

"ሁለት ደቂቃ እኮ ነው የተቀመጥኩት" አለች።

ልጅቷ የሚያስለቅሳት ጭሱ ይሁን ንዴቱ አልለየላትም። "ስለ እሳት አደጋ እያስተማርሽ ቤትሽን ታነጃለሽ! ድስቱ ሲያር ጀርባሽን ሰጥተሽ ትጨርሻለሽ! አባዬም ሲሞት እንዲሁ ነበርሽ። እውነታቸውን ነው፤ የጀመርሽውን ጨርሰሽ ነው የመጣሽው።"

ጸሐፊዋ ይህንን ሰማች። ሊያማት እንደሚገባ አወቀች። ጠበቀች፤ አልመጣም። ተነሥታ መስኮት ከፈተች።

ዓርብ ልጅቷ አብራት ኮሌጅ ሄደች፤ ለእናቷ ብላ አይደለም፤ ለላፕቶፗ ብላ ነው። ገመዱን ራሷ ሰካች፣ ፕሮጀክተሩን አገናኘች፣ ወደ ኋላ ሄዳ የመጨረሻው ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ደቂቃ ሰዓቱን ተጫነ።

ጸሐፊዋ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታ ጀመረች። አንደኛዋ በሰዓቷ አለፈች። ሁለተኛዋ አለፈች። በሦስተኛዋ ደወሉ ሲያንባርቅ ግማሹ ክፍል ከወንበሩ ተፈናጠረ፤ ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ "በሞትኩት!" ብላ ጮኸች። ደቂቃ ሳይቀር ፈገግ አለ። አራተኛዋ አለፈች። አምስተኛዋ መጣች።

ግድግዳውን ሞላው። ቀዩን ጋን ታቅፎ፣ ሸሚዙ ወጥቶ፣ ጥርሱን እያሳየ። ጸሐፊዋ አራቱን ነገር ተናገረች። ሃያ ሰከንድ ፈጀባት። ከዚያ ዝም ብላ ስድስተኛዋን ጠበቀች።

ስድስተኛዋ አልመጣችም።

አራቱን ነገር ደግማ ተናገረች። አልመጣችም። ኪሷ ውስጥ አውራ ጣቷ ሁለቴ ሹራቧን መታ። አንዱ ተማሪ ሳል መሳይ ሳቅ ሳቀ።

"ይቀጥሉ እንጂ" አለ ደቂቃ።

"ራሱ ነው የሚቀጥለው" አለች።

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ደቂቃ መጥቶ ቁልፍ ተጫነ፤ አልሠራም። ሌላ ተጫነ፤ አልሠራም። እንዲቆለፍ የመከራት እሱ መሆኑን ረስቶታል። ሰውየው ግድግዳው ላይ ሆኖ ይስቃል። በመጨረሻ ልጅቷ ከኋላ ተነሥታ እየተነጫነጨች መጣች፤ ማቆሚያውን ተጫነችና ስምንቱም ስላይድ በትንንሹ የሚታይበትን ገጽ ከፈተች። በእያንዳንዷ ሥር የተመዘገበው ሰዓት በትንሽ ቁጥር ተጽፏል። ደቂቃ ሰዓት ባየበት ዝም የማይል ሰው ነውና ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

"አሥራ ስምንት ሰከንድ፣ ጥሩ። ሃያ ሁለት። ሃያ አምስት። አሥራ ዘጠኝ፣ በጣም ጥሩ። አሥራ አንድ..." ቆመ። ወደ ግድግዳው ተጠጋ። "አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ?"

"አሥራ አንድ ደቂቃ?" አለ አንዱ።

"እዚህ ላይ ተነሥተው ሄደው ነበር እንዴ?"

"አልተነሣሁም" አለች ጸሐፊዋ።

"እንቅልፍ ወስዶዎት ይሆናል።"

"አልወሰደኝም። ቁጭ ብዬ ነበር።" ቁጥሩን እሷም ገና ማየቷ ነው። "ሁለት ደቂቃ ነበር የመሰለኝ።"

ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ፣ ምንም ክፋት የሌለባት፣ "እትዬ፣ ሰውየው ማነው?" አለቻት።

"የመሥሪያ ቤታችን ኤሌክትሪሻን ነበር" አለች ጸሐፊዋ።

"አባቴ ነው" አለች ልጇ። እጇ ማውሱ ላይ ነው። ድምፅዋ ተሰብሯል። "አባቴ ነው። ሞቷል።"

ደቂቃ አንገቱ ላይ ያለውን ሰዓት ጨብጦ አቆመው። ቀስ ብሎ፣ "ቁጥሩን አጥፊውና ሃያ ሰከንድ አድርጊው፤ እንቀጥላለን" አለ። ልጅቷ ቁጥሩ ላይ ደረሰች። አላጠፋችውም። ፋይሉን እንዳለ ትታ ከስድስተኛዋ አስጀመረችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ጸሐፊዋ ደረጃውን፣ መውጫውንና መሰብሰቢያ ቦታውን ተናግራ ጨረሰች። ፈተናውን አለፈች። ያ ደቂቃ የተባለ ሰው ግን ለሰዓት ብሎ አምስት ነጥብ ቀንሶባታል፤ ምሕረት አያውቅም።

በአውቶቡስ ተመለሱ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የልጅቷ ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል። ሳልበላ አልወጣም ብላ ድንች ጣደች። ድንቹ እስኪበስል የእናቷን ሥራ ፍላሽ ላይ ልትገለብጥላት ላፕቶፑን ከፈተች። ከዚያ እጇ ቆመ።

"እማ፣ ነይ እስቲ።"

ጸሐፊዋ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ልጅቷ አምስተኛዋን አስጀመረቻት። አባትየው መጣ። ተቀመጡ።

ብዙ ከቆዩ በኋላ ልጅቷ፣ "ያን ቀን ምንድነው ስታይ የነበረው?" አለች።

"ሸሚዙን።"

"ምኑን?"

"ወጥቷል፤ አይታይሽም? በግራ በኩል።" ጸሐፊዋ በጣቷ አሳየቻት። "በየቀኑ ሸሚዝህን አስገባ እለው ነበር። ከቤት ሲወጣ እለዋለሁ፣ መሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ ስንገናኝ እለዋለሁ። ያን ማክሰኞ ጠዋትም ሸሚዙ ወጥቶ ነበር። አየሁት። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ሳልነግረው ወጣሁ።" ድምፅዋ የስብሰባ አጀንዳ የምታነብ ሰው ድምፅ ነው። "እና ላስገባለት አስብ ነበር። አልደርስበት አለኝ እንጂ።"

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እናትየዋ አላለቀሰችም። እጇን ብቻ አንሥታ የልጇ ጀርባ ላይ አኖረችው፤ ከዚያም አላወረደችውም።

"አይሰማኝም፣ ልጄ" አለች። "ስላልወደድኩት አይደለም። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቀውም። አንቺም ስትሄጂ እንዳይሰማኝ ነው የምፈራው።"

ልጅቷ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። አባትየው ይስቃል። ማንም ምንም አልተጫነም። ሰዓቱ ሲሞላ ስላይዷ ራሷ ተገለበጠችና ስድስተኛዋ መጣች፤ "ሳንሮጥና ሳንጋፋ በደረጃው እንወርዳለን" የሚል ተጽፎባታል።

ያን ጊዜ ሸተታቸው።

"ድንቹ!" ብላ ልጅቷ ተነሥታ ሮጠች። ወጥ ቤቱ ታፍኗል። ምድጃውን አጠፋች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ እጇን እያራገበች ወደ እናቷ ዞረች። "ሁለት ደቂቃ እኮ ነው የተቀመጥነው!"

ይህን ብላ ራሷ የተናገረችውን ሰማች።

ጸሐፊዋ ክዳኑን በባዶ እጇ አነሣችው። "አቃጠለኝ" አለች፤ ጣቷን ወደ አፏ ወሰደችው። ደግማም "አቃጠለኝ እኮ" አለች፣ እንደ ገረማት ሁሉ።

ልጅቷ የእናቷን እጅ ስባ የቧንቧ ውሃ ሥር ያዘችላት። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ድስቱን መፋቅ ጀመረች። ስልኳ ጠራ፤ አክስትየዋ ናት። በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ አነሣችው።

"አክስቴ፣ ዛሬ አልመጣም። ድስት አሮብን እየፋቅሁ ነው።" አዳመጠች። "ነገም እንጃ" አለች ማንኪያውን እያነሣች። "በጣም ነው ያረረው።"